«እ.ኤ.አ.» ከየት መጣ? የአንግሎ-ሳክሰን ገዳማትና የፋሲካው ክርክር

በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለውጭ ለጋሾች በሚላክ ሪፖርት ላይ ሁልጊዜ ሁለት ቀን እንጽፋለን፡፡ አንዱ የእኛ ነው፤ ሌላው «እ.ኤ.አ.» የምትል ቅጥያ አለችው፡፡ ከእነዚህ ሪፖርቶች አንዱን ጨርሰን ስናትም አንዲት ወጣት ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ይሄን የፈረንጆቹን ዓመት ማን ነው እንዲህ በየአገሩ ያሠራጨው?» ስትል ጠየቀችኝ፡፡ «ሮማውያን ናቸዋ!» ብዬ ተገላገልኩ፡፡ መልሱ ግን ለራሴም አልተዋጠልኝም፡፡ ሮማውያን ዓመታቸውን የሚለዩት በሹማምንቶቻቸውና በነገሥታቶቻቸው ስም እንጂ በክርስቶስ ልደት አልነበረምና፡፡

ነገሩን እየተከታተልኩ ስሄድ የደረስኩበት ቦታ ያልጠበቅሁት ሆነ፡፡ ጣጣው የሚያርፈው በሰሜን እንግሊዝ፣ በብርዳማ ወንዝ ዳር በተሠራ አንድ ገዳም ውስጥ ይኖር በነበረ መነኩሴ ላይ ነው፡፡ የመነኩሴው ወገኖች ክርስትናን ከተቀበሉ ገና መቶ ዓመት ቢሆናቸው ነው፡፡ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ጥያቄ ደግሞ የእኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አሳምረው የሚያውቁት ነው፤ ፋሲካ መቼ ይውላል? እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው፡፡ (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፡፡)

ከሮም የመጡት

ብሪታንያ በሮማውያን ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን ክርስቲያኖች ነበሩባት፡፡ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሮም አስተዳደር ሲያበቃ ግን አንግሎች፣ ሳክሰኖችና ጁቶች የሚባሉ ጀርመናዊ ነገዶች ባሕር እየተሻገሩ የደሴቲቱን ምሥራቅና ደቡብ ያዙ፡፡ አንግሎ-ሳክሰን የምንላቸው እነዚህን ነው፡፡ ዎደን፣ ቱኖር የሚባሉ የራሳቸው አማልክት ነበሯቸው፤ የእንግሊዝኛው ረቡዕና ሐሙስ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በእነዚሁ ስም ነው፡፡ አገሩም አንድ መንግሥት ሳይሆን እርስ በርስ የሚዋጉ ትናንሽ መንግሥታት ስብስብ ነበር፡፡

በ596 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ቀዳማዊ አውግስጢኖስ የተባለ መነኩሴ ወደዚያ እንዲሄድ ላኩ (ከሂፖው ሊቅ ከአውግስጢኖስ ጋር አንድ አይደለም)፡፡ ተጓዦቹ መንገድ ላይ ሳሉ ፍርሃት አደረባቸው፡፡ ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ አረመኔ ነው ወደሚባል ሕዝብ ከመግባት መመለስ ይሻለናል ብለው አውግስጢኖስን ወደ ሮም ሰደዱት፡፡ ጎርጎርዮስ ግን አበረታተው መለሷቸው፡፡ በ597 አርባ ያህል ሆነው በኬንት ምድር ደረሱ፡፡

የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት ቤት ውስጥ ሊቀበላቸው አልወደደም፤ አስማት ያደርጉብኛል ብሎ ሰጋና ሜዳ ላይ ተቀምጦ አነጋገራቸው፡፡ ይሁን እንጂ ነገሩ ለንጉሡ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም፡፡ ሚስቱ በርታ ከፍራንኮች የመጣች ክርስቲያን ልዕልት ስትሆን በካንተርበሪ የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ነበራት፡፡ ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ተጠመቀ፤ ካንተርበሪም እስከ ዛሬ ድረስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ መንበር ሆና ቀረች፡፡

በ601 ጎርጎርዮስ የጻፉት አንድ ደብዳቤ ስለ ዘዴያቸው ብዙ ይናገራል፡፡ የጣዖት ቤቶቹ እንዳይፈርሱ አዘዙ፤ ጣዖቶቹ ብቻ ይሰበሩ፣ ቤቱ ጠበል ይረጭና ቤተ ክርስቲያን ይሁን አሉ፡፡ ሕዝቡ ለአማልክቱ ከብት ማረዱን ከለመደም፣ በክብረ በዓል ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ዳስ ጥሎ ለእግዚአብሔር ምስጋና አርዶ ይብላ የሚል ፈቃድ ሰጡ፡፡ የሰው ልማድ በአንድ ጀምበር እንደማይነቀል ገብቷቸው ነበር ማለት ነው፡፡

ከአዮና የመጡት

ሁለተኛው መንገድ በሌላ በኩል ነው የመጣው፡፡ አየርላንዳዊው ኮሎምባ በ563 በዛሬዋ ስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ባለችው አዮና ደሴት ገዳም መሥርቶ ነበር፡፡ የሰሜኑ የኖርዘምብሪያ ንጉሥ ኦስዋልድ በስደት ዘመኑ ከእነዚህ መነኮሳት ዘንድ አድጎ ስለነበር፣ ዙፋኑን ሲይዝ አስተማሪ እንዲልኩለት ጠየቃቸው፡፡ መጀመሪያ የተላከው ሰው ቁጡ ነበርና ሕዝቡ ልቡ ደንዳና ነው ብሎ ተመለሰ፡፡ በጉባኤው መካከል ኤይደን የተባለ መነኩሴ ተነሥቶ፣ ለሕፃን ወተት እንጂ ጠንካራ ምግብ አይሰጥም፤ ምናልባት አንተ ቸኩለህባቸው ይሆናል ሲል ገሠጸው፡፡ ጉባኤው «እንግዲያውስ አንተው ሂድ» ማለቱ አልቀረም፡፡

ኤይደን በ635 ሊንዲስፋርን በተባለች ደሴት ላይ ገዳሙን ተከለ፡፡ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር የሚገባባት፣ ሲመለስ የምትከበብ ደሴት ናት፡፡ እንግሊዝኛውን በደንብ ስለማያውቀው ሲሰብክ የሚያስተረጉምለት ንጉሡ ራሱ ነበር፡፡ የሚጓዘውም በእግሩ ነው፡፡ አንድ የአካባቢው ንጉሥ ያማረ ፈረስ ቢሰጠው መንገድ ላይ ላገኘው ለማኝ ከነጌጡ ሰጠው፡፡ ንጉሡ ሲቆጣ፣ ከባዝራ ልጅና ከእግዚአብሔር ልጅ የትኛው እንደሚበልጥበት መልሶ ጠየቀው፡፡ እንዲህ ያለውን አባት በእኛ ገድላት ያነበበ ሰው ኤይደንን እንግዳ አያደርገውም፡፡

በአንድ ቤት ሁለት ፋሲካ

ከሮም የመጡትና ከአዮና የመጡት በሃይማኖት ዶግማ አልተለያዩም፡፡ የተለያዩት በሁለት ነገር ነው፤ በመነኮሳቱ ራስ አላጨትና በፋሲካ ቀን፡፡ የራሱን ነገር እንተወውና የፋሲካውን እንመልከት፡፡

የአዮና መነኮሳት በ84 ዓመት ዑደት የሚሠራ የቆየ ቀመር ነበራቸው፡፡ በዚህ ቀመር መሠረት ፋሲካ ከጨረቃዋ 14ኛ ቀን እስከ 20ኛው ባለው እሑድ ይውላል፡፡ ሮም በበኩሏ በእስክንድርያ ሊቃውንት የ19 ዓመት ዑደት ላይ የቆመውን፣ ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ በ525 ወደ ላቲን ያመጣውን ሠንጠረዥ ወደ መቀበሉ አዘንብላለች፡፡ በዚህኛው ፋሲካ የሚውለው ከ15ኛው እስከ 21ኛው ቀን ባለው እሑድ ነው፡፡ እንግዲህ 14ኛው ቀን ራሱ እሑድ የዋለ እንደሆነ አንዱ ወገን በዚያኑ ቀን ሲፈስክ ሌላው አንድ ሳምንት ይጠብቃል ማለት ነው፡፡

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በቤት ውስጥ ግን ትልቅ ነበር፡፡ ከኦስዋልድ በኋላ የነገሠው ወንድሙ ኦስዊ በአየርላንዶች ሥርዓት ያደገ ነው፡፡ ሚስቱ ንግሥት ኤንፍሌድ ያደገችው በኬንት ስለነበር ሥርዓቷ የሮም ነው፡፡ በአንዳንድ ዓመት ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ፋሲካን ሲያከብር ንግሥቲቱና ሰዎቿ ገና በጾም ላይ ሆነው ሆሳዕናን ያከብሩ ነበር፡፡ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ሥጋ ሲቆርጥ ሌላው የሚጾምበትን ቤት አስቡት!

በ664 ጉዳዩን ለመቁረጥ በዊትቢ ገዳም ጉባኤ ተጠራ፡፡ የገዳሙ መሪ ሴት ነበረች፤ እመምኔት ሂልዳ ትባላለች፡፡ ወንዶችም ሴቶችም መነኮሳት በየክፍላቸው ሆነው በእሷ ሥር ይተዳደሩ ነበር፡፡ ከገዳሟ ተምረው የወጡ አምስት ወንዶች ጳጳሳት ሆነዋል፡፡ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስሙ የሚታወቀው የመጀመሪያው ባለቅኔ ካድሞንም የዚሁ ገዳም ከብት ጠባቂ ነበር፡፡ በግብዣ ላይ በገና ተራ ደርሶት እንዳያፍር ሾልኮ የሚወጣ ሰው በሕልሙ ዜማ ሲሰጠው፣ ሂልዳ ሰምታ አመነኮሰችው፡፡

በጉባኤው ለአየርላንዶቹ ወገን የሊንዲስፋርኑ ጳጳስ ኮልማን፣ ለሮም ወገን ዊልፍሪድ የተባለ ወጣት አበምኔት ተከራከሩ፡፡ ኮልማን የአባቶቼን የኮሎምባን ትውፊት አልለቅም አለ፡፡ ዊልፍሪድ፣ የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻ የተሰጠው ለጴጥሮስ ነው ሲል መለሰ፡፡ ንጉሡ ኮልማንን ይህ እውነት መሆኑን ጠየቀው፤ ኮልማንም አመነ፡፡ ኦስዊ እንግዲያውስ ከበር ጠባቂው ጋር መጣላት አልፈልግም ብሎ ፈረደ፡፡ ኮልማን ከኤይደን አጽም ከፊሉን ይዞ፣ ተከታዮቹን አስከትሎ ወደ አዮና ተመለሰ፡፡ አዮና ራሷ አዲሱን ቀመር የተቀበለችው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ716 ነበር፡፡

ከጠርሴስና ከአፍሪካ የመጡ መምህራን

በዚያው በ664 ብርቱ ወረርሽኝ ደሴቲቱን መታ፡፡ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስም ሞተ፤ ሊተካው ወደ ሮም የተላከው ሰውም እዚያው በሕመም አረፈ፡፡ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቪታሊያን መጀመሪያ የመረጡት በኔፕልስ አቅራቢያ አበምኔት የነበረውን አድሪያንን ነው፡፡ አድሪያን በትውልዱ አፍሪካዊ ነበር፡፡ እሱ ግን ሹመቱን አልፈለገምና በምትኩ ግሪክኛ ተናጋሪውን የጠርሴስ ሰው ቴዎድሮስን ጠቆመ፡፡ ቴዎድሮስ ያኔ 66 ዓመቱ ነው፡፡ ዛሬ ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ በ669 ካንተርበሪ ገባ፤ 21 ዓመት ሠርቶም በ690 አረፈ፡፡ አድሪያንም ተከትሎት መጥቶ ቀሪ ሕይወቱን በማስተማር ጨረሰ፡፡

ሁለቱ በካንተርበሪ የከፈቱት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስን ብቻ ሳይሆን የቅኔ ሥርዓትን፣ ሥነ ፈለክንና የፋሲካን ቀመር ያስተምር ነበር፡፡ ተማሪዎቻቸው ላቲንንና ግሪክኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያውቁ እንደነበር ተጽፏል፡፡ የእንግሊዝ ትምህርት ከመሠረቱት ሁለት ታላላቅ መምህራን አንዱ አፍሪካዊ፣ ሌላው የምሥራቅ ሰው መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ በበኩሌ አላውቅም ነበር፡፡

አንድ አበምኔትና አንድ ልጅ

በዚህ ጊዜ ቤኔዲክት ቢስኮፕ የተባለ የኖርዘምብሪያ መኳንንት ልጅ ንብረቱን ትቶ መንኩሶ ነበር፡፡ ቢያንስ አምስት ጊዜ ሮም ድረስ ተመላልሶ መጻሕፍትና ሥዕላት ጭኖ መጥቷል፡፡ በ674 በዊርማውዝ፣ በ681 ገደማ ደግሞ በጃሮው ገዳም አቆመ፡፡ የድንጋይ ግንበኞችንና መስኮት የሚሠሩ የመስታወት ባለሙያዎችን ከዛሬዋ ፈረንሳይ አስመጣ፤ በአገሩ ሙያው አልነበረምና፡፡ የሮማን ዜማ የሚያስተምር መሪጌታም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አስፈቅዶ አመጣ፡፡ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ አደራ ካላቸው ነገሮች አንዱ መጻሕፍቱ እንዳይበታተኑ ነበር፡፡

በ686 ገደማ ወረርሽኙ ጃሮው ገባ፡፡ በማኅሌት ቆመው ማንበብና መቀባበል ከሚችሉት ውስጥ ከአበምኔቱ ከቼዎልፍሪድና ከአንድ ትንሽ ልጅ በቀር የተረፈ አልነበረም፡፡ አበምኔቱ በሐዘን ተሰብሮ የዜማው መቀባበል ከጥቂት ሰዓታት በቀር እንዲቀር አዘዘ፡፡ አንድ ሳምንት በእንባ ከቆየ በኋላ ግን አልቻለም፤ ሙሉውን ሥርዓት መለሰው፡፡ ሌሎች እስኪማሩ ድረስ አበምኔቱና ልጁ ሁለቱ ብቻ እየተቀባበሉ ሰዓታቱን ቆሙ፡፡

ያ ልጅ ቢድ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፡፡ ቢድ በሰባት ዓመቱ ለገዳም የተሰጠ፣ ያኔ 13 ወይም 14 ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር፡፡ ልጁ እሱ ሆነም አልሆነ፣ ነገሩ ያስደነግጣል፡፡ ሮም ድረስ ተሄዶ የመጣ ዕውቀት በሁለት ሰው ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና፡፡

የቢድ ቁጥር

ቢድ ዕድሜውን ሙሉ ከገዳሙ ርቆ የሄደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፡፡ ዓለምን ያየው ቢስኮፕ ባመጣቸው መጻሕፍት ነው፡፡ በ725 ስለ ዘመን አቆጣጠር የጻፈው መጽሐፍ በጣት አቆጣጠር ይጀምራል፡፡ ምድር ክብ ስለ መሆኗ ያስረዳል፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከጨረቃ ጋር እንዴት እንደሚሄድና ሰዓቱ ከወደብ ወደብ እንደሚለያይም ያብራራል፡፡ የፋሲካውን ሠንጠረዥም እስከ 1063 ድረስ ዘርግቶታል፡፡ ዑደቱ 532 ዓመት ነው፤ 19 በ28 ሲባዛ ማለት ነው፡፡ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ፈገግ ይላል፤ የእኛው ዐቢይ ቀመር ነውና፡፡ ሁለቱም የተቀዱት ከአንድ ምንጭ፣ ከእስክንድርያ ነው፡፡ በዚያ ዘመን የቢድ ፋሲካና የእስክንድርያ ፋሲካ አንድ ቀን ይውሉ ነበር፡፡ የዛሬው ልዩነት የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ በ1582 በተደረገው የጎርጎርዮሳዊው ካሌንደር ለውጥ ነው፡፡

ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ስንመለስ፣ ዲዮናስዮስ ሠንጠረዡን ሲያዘጋጅ ዓመታቱን ከክርስቶስ ልደት ቆጥሮ ነበር፡፡ ልደቱን ያስቀመጠበት ዓመት ግን የእስክንድርያ ሊቃውንት ካስቀመጡት ይለያል፤ እኛ ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ የምንለው ከዚህ የተነሳ ነው፡፡ ለረጅም ጊዜ የዲዮናስዮስ ቁጥር የፋሲካ ሠንጠረዥ ዓምድ ከመሆን አላለፈም፡፡ ቢድ በ731 የእንግሊዞችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲጽፍ ችግር ገጠመው፡፡ የየመንግሥታቱ ነገሥታት ብዙ ናቸው፤ በየትኛው ዘመነ መንግሥት ይቁጠር? በዚያች የሠንጠረዥ ዓምድ ተጠቅሞ ሁሉንም በአንድ ክር አሰራቸው፡፡ መጽሐፉ ተወደደ፣ ተገለበጠ፡፡ ወደ ጀርመን አገር የሄዱት ቦኒፋስን የመሳሰሉ የእንግሊዝ ሰባክያን፣ በኋላም በሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ያስተማረው አልኩዊን የቢድን መጻሕፍት በአውሮፓ አስፋፉ፡፡ አቆጣጠሩም አብሮ ሄደ፡፡

በቢድ የማደንቀው ሌላም ነገር አለ፡፡ በፋሲካው ክርክር የሮም ወገን ነበር፤ የኤይደንን ቀመር ፈጽሞ አልተቀበለም፡፡ ይህንን በግልጽ ከጻፈ በኋላ ግን የኤይደንን ትሕትና፣ ለድሆች ያለውን ርኅራኄ፣ ባለጠጎችን ሳይፈራ መገሠጹን አብዝቶ አመሰገነ፡፡ እኔ የታሪክ ጸሐፊ ነኝ፤ መልካሙን መልካም፣ ጉድለቱን ጉድለት ልል ይገባኛል የሚል አቋም ነበረው፡፡ የተሸነፈውን ወገን ከመዝገብ አላጠፋም፡፡ ስለ ኤይደን ዛሬ የምናውቀውን አብዛኛውን ያወቅነው ከእሱ ነው፡፡

በገዛ ወገኖቹም ላይ ዝም አላለም፡፡ በ734 ለዮርኩ ጳጳስ በጻፈው ደብዳቤ በገዳም ስም የሚነግዱትን ከሰሰ፡፡ መኳንንት ገዳም እንመሠርታለን ብለው ከንጉሡ ርስት ያስጽፋሉ፣ ከግዳጅ ነፃ ይሆናሉ፣ ከዚያም ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር እንደ ድሮው ይኖሩበታል፡፡ እንዲህ ያለው ቦታ ለእግዚአብሔርም ለሰውም አይጠቅም፤ አገር የሚጠብቁ ወጣቶችም መሬት አጥተው ይሰደዳሉ ሲል አስጠነቀቀ፡፡ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ735፣ የዮሐንስን ወንጌል ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም ሞት ደረሰበት፡፡ በመጨረሻው ቀን ሳጥኑን አስከፍቶ ለወንድሞቹ ያካፈለው ሀብት ቁንዶ በርበሬ፣ ጨርቅና ዕጣን ነበር፡፡

515 ጥጃ

ብራና ሲፋቅና ሲወጠር ያየ ሰው መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል፡፡ አበምኔት ቼዎልፍሪድ ሦስት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሶች አጽፎ ነበር፡፡ ከእነሱ የተረፈው 1,030 ቅጠል ሲኖረው 34 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለእሱ ብቻ 515 የጥጃ ቆዳ ገደማ እንዳስፈለገ ተሰልቷል፡፡ ቼዎልፍሪድ በ716 ይህንን ለሮም ስጦታ ይዞ ሲነሣ በሁለቱ ገዳማት ከ600 በላይ መነኮሳት ትቶ ነበር፡፡ እሱ መንገድ ላይ አረፈ፤ መጽሐፉ ግን ጣሊያን ደረሰ፡፡ በኋላ አንድ ሰው የስጦታ ገጹን ፍቆ በቼዎልፍሪድ ስም ምትክ ሌላ ስም ጻፈበት፤ ስለዚህ ለብዙ መቶ ዓመታት የጣሊያን ሥራ ሲባል ቆየ፡፡ እውነቱ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፡፡ ዛሬ ፍሎረንስ ይገኛል፤ በ2018 ለንደን ለኤግዚቢሽን ሲመጣ እንግሊዝን የረገጠው ከ1,302 ዓመት በኋላ ነበር፡፡

እቤት የቀሩት ሁለቱስ? አንዱ ፈጽሞ ጠፋ፡፡ ከሌላው የተረፉት ጥቂት ቅጠሎች የተገኙት የመሬት ሰነድ መጠቅለያ ሆነው ነው፡፡ ሙሉውን የዳነው ተሰዶ የሄደው ብቻ ሆነ፡፡

የተረፈው ምንድን ነው?

ሰኔ 8 ቀን 793 ቫይኪንጎች ሊንዲስፋርንን ዘረፉ፤ በዓመቱ ጃሮው ተራው ደረሰው፡፡ በ871 የነገሠው አልፍሬድ፣ ዙፋን ሲይዝ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ የላቲን ደብዳቤ መተርጎም የሚችል አንድ ሰው እንኳ እንደማያስታውስ ጽፏል፡፡ ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በወራሪ ማላከክ አይቻልም፡፡ ቫይኪንጎች ከመምጣታቸው በፊት፣ በ764፣ የቢድ ገዳም አበምኔት ጀርመን አገር ላለ ወዳጁ ሲጽፍ፣ ብርዱ የጸሐፊዎቹን እጅ ስላሠረ የጠየቅኸኝን መጻሕፍት በሙሉ አልላክሁም ይላል፡፡ አክሎም የመስታወት ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ካለህ ላክልኝ፤ እኛ ዘንድ ሙያው የለም ይለዋል፡፡ ቢስኮፕ የመስታወት ባለሙያዎችን ካስመጣ ገና 90 ዓመቱ ነበር! ሙያው ሳይተካ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው፡፡

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ኒውካስል በሄድኩ ጊዜ አንድ እሑድ በባቡር ጃሮው ወረድኩ፡፡ የፋብሪካ መንደር ነው፡፡ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሚያዝያ 23 ቀን 685 መመረቁን የሚናገረው ድንጋይ እስከ ዛሬ በግድግዳው ላይ አለ፤ ቢድ በልጅነቱ ያነበበው መሆኑ ነው፡፡ በአንዲት ጠባብ መስኮት ላይ ከመሬት ተቆፍረው የወጡ የዚያ ዘመን መስታወቶች ተገጣጥመው ብርሃን ያስገባሉ፡፡ ገዳሙ ግን የለም፡፡ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 የአገሩን ገዳማት በሙሉ ዘግቷል፡፡ የቢድ ታሪክ መጽሐፍ ግን ከ150 በላይ የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎች ደርሰውናል፤ ካረፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተገለበጡ ሁለቱ ዛሬ በካምብሪጅና በሴንት ፒተርስበርግ ይገኛሉ፡፡

ስመለስ ለባልደረባዬ ይህንኑ ነገርኳት፡፡ ቤተ መጻሕፍቱ ተበትኗል፣ ግንቡ ፈርሷል፣ ሙያው ጠፍቷል፤ የቆየው ሌላ ሰው የገለበጠው፣ ሌላ ልጅ የተማረው ብቻ ነው፡፡ «እንግዲህ በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ «እ.ኤ.አ.» ስጽፍ ያን ልጅ አስታውሰዋለሁ» አለችኝ፡፡ እኔ ግን ከልጁ ይልቅ የማስታውሰው ሳምንት ሙሉ አልቅሶ ማኅሌቱን ለሁለት ለመቆም የወሰነውን አበምኔት ነው፡፡